ከቲዶሬ የመጣው ድምፅ

ኦም አልፍሪትስ ማካሴንዳ ጀልባ ሠሪ ነው፤ "ኦም" እኛ ጋ ጋሼ እንደ ማለት ነው። በእኛ በሲያው ደሴት፣ ከመንደራችን በታች አሸዋው ላይ ተጎትተው ከሚያድሩት ጀልባዎች ግማሹ ከእሱ እጅ የወጡ ናቸው። ቤቴ ከግቢው በታች ስለሆነ መዶሻውን እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። ሲሠራ አያወራም፤ ሳይሠራም ብዙ አያወራም። ሰው "እንዴት ዋሉ፣ ኦም?" ሲለው "ደህና" ይልና፣ ቀጥሎ የሚባለው የጠፋበት ይመስል እጁን በሱሪው ይጠርጋል። እንዲህ ያለ ሰው በስተርጅና ማይክሮፎን ይዞ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲጫወት ይውላል ብሎ ማን ይገምታል?

ነገሩ የጀመረው ማዕበል የስልኩን ማማ በጣለበት ዓመት ነው። ያኔ ኡሉ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው በጓሮው ሽቦ ዘርግቶ ባሕር ማዶ ማናዶ ካሉት ጋር በሬዲዮ እየተነጋገረ፣ የማን ቤት እንደቆመ የማን እንደወደቀ ያስተላልፍ ነበር። አልፍሪትስ ማናዶ ያገባች ልጁን ወሬ ሊጠይቅ ሄደ። ልጁ ደህና መሆኗን ሰምቶ ሲመለስ ግን ያወራው ስለ ልጁ አልነበረም።

"ሽቦ ብቻ ነው እኮ፣ ሜይስኬ!" አላት ሚስቱን። "ልብስ የምታሰጪበት የመሰለ ሽቦ!"

"ታዲያ በእኔው ገመድ ለምን አትሞክረውም?" አለችው እየሳቀች።

የሜይስኬ ታናሽ ወንድም ኖልዲ ሳሊንዴሆ ጎረቤታቸው ነው፤ ግቢና ግቢያቸውን የሚለየው አንድ ረድፍ የገውዝ ዛፍ ብቻ ነው። ኖልዲ ደግሞ የአልፍሪትስ ተቃራኒ ነው። ሠርግ ያለ እሱ አይደምቅም። የሰው ድምፅ መቅዳት ስለሚችልበት፣ የቄሱን ስብከትና የወረዳውን ሹም ንግግር እያስመሰለ ቀባሪውን ሳይቀር ያስቃል። አልፍሪትስ ከሰው ሁሉ የሚቀርበው እሱን ነበር። ልጅ ሆነው ዓሣ አብረው ሰርቀዋል፤ ሜይስኬን ያጨለትም እሱ ነው። ስለዚህ የሬዲዮ ፈቃድ ፈታኞች ወደ ኡሉ ሲመጡ ሁለቱም አብረው አጥንተው አብረው ተፈተኑ፤ ሁለቱም አለፉ፤ የየራሳቸው የጥሪ ስም ተሰጣቸው። አልፍሪትስ አንዲት ትንሽ ጀልባ ሰጥቶ በለውጥ ሬዲዮ ተቀበለ። ኖልዲም ከአንድ ሟች ዘመዱ ያረጀ ሬዲዮ ወርሶ ነበር፤ ጥቂት ቀን ነካክቶት "ተቃጥሏል፣ አልሆነልኝም" ብሎ ተወው።

አንቴናው የተሰቀለበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ መንደሩ በሙሉ ቆሞ ስላየ። አልፍሪትስ ሽቦውን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ እንደ ጀልባ ሳንቃ ደጋግሞ ለክቶ፣ መሃል ላይ ቆረጠው። ሁለቱን ክንፎች በአንድ የፕላስቲክ ቁራጭ አያያዘና ወደ ሬዲዮው የሚወርደውን ኬብል እዚያው ላይ በየደ። በየጫፉ ደግሞ ሽቦው ዛፍ እንዳይነካ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አስገብቶ ከዚያ ወዲያ የዓሣ መረብ ገመድ ቀጠለበት። አንዱ ጫፍ በራሱ ጣሪያ ላይ ባቆመው ቀርከሃ ታሰረ። ለሌላው ጫፍ ከፍ ያለ ነገር አልነበረውም። በአካባቢው ረጅሙ የኖልዲ የኮኮናት ዛፍ ነው።

"አማቼ፣ ዛፍህን ታውሰኛለህ?" አለው።

"ዛፉንም ራሴንም ውሰድ!" አለ ኖልዲ፤ ሸሚዙን አውልቆ፣ ገመዱን በጥርሱ ነክሶ ሽቅብ ወጣ። ከላይ ሆኖ የወረዳውን ሹም ድምፅ እየቀዳ፣ "የተከበራችሁ የመንደሩ ነዋሪዎች! ከዛሬ ጀምሮ ኦም አልፍሪትስ ከጃካርታ ጋር ያወራሉ! ከእናንተ ጋር ግን አሁንም አያወሩም!" ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አልፍሪትስም ሳቀ። ሽቦው ተወጥሮ በገውዞቹ አናት ላይ ሲዘረጋ አንገቱን አቅንቶ ብዙ ቆመ። ሠርቶ የጨረሰውን ጀልባ እንኳ እንዲያ ሲያይ አላየሁትም።

ከዚያ ማዳመጥ ጀመረ። ድምፅ ሞልቶ ነበር፤ የሚንዳናው፣ የአምቦኑ፣ የጃቫው። ማዳመጥና መሰማት ግን ለየቅል ናቸው። "የሚሰማኝ አለ? ልቀበል" ይላል፣ ሬዲዮ ላይ ተራውን ለሌላው የሚለቅ ሰው እንደሚለው፣ በዚያ በቀጭን ድምፁ፤ ድምፁ ሳያልቅ ሌላ ጉልበተኛ ይደርብበታል። ከሥራ በኋላ፣ ፀሐይ ከባሕሩ ሳትገባ፣ ቁጭ ብሎ ይጠራል፤ ማንም አይመልስለትም። ሽቦውን አወረደ፤ ጫፍ ጫፉን ከርክሞ እንደገና ሰቀለ። ያኔም ኖልዲ ነው ወጥቶ ያሰረለት። ሳምንታት አለፉ። ሜይስኬ እንደነገረችኝ፣ አንድ ቀን ማይክሮፎኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ሊከተው ሲል አግኝታዋለች።

"ምነው?" አለችው።

"ለዚህም አልተፈጠርኩም" አላት።

ይህን ለወንድሟ ነገረችው። በነጋታው ኦፓ ኢድሩስ፣ አባባ ኢድሩስ እንደ ማለት ነው፣ በሬዲዮው መጣ።

"የጠራኸኝ ወንድሜ፣ እሰማሃለሁ! እዚህ ቲዶሬ ደሴት ነው፤ ኢድሩስ እባላለሁ፤ ሽማግሌ ነኝ፤ ቅርንፉዴን እያሰጣሁ ነው የሰማሁህ፤ ልቀበል!"

የሰሜን ማሉኩ ሰው እንደሚናገር ቃሉን ጎተት የሚያደርግ፣ ሻካራ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ ነበር። ተነጋግረው ሲሰነባበቱ አልፍሪትስ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ፤ እያለከለከ ኖልዲ ጋ ሮጠ። "ቲዶሬ! ባሕሩን አቋርጬ ቲዶሬ ገባሁ!"

ኖልዲ አቀፈው። "ጨው ውሃ ድምፅ ያሻግራል፣ አማቼ። ሽቦህ ደግሞ ከፍ ብሏል።"

ከዚያ ወዲያ አልፍሪትስ ሌላ ሰው ሆነ። ሥራ ሲመሽበት የማይነሣው ሰው በጊዜ መላጊያውን አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሸሚዝ ለውጦ ሬዲዮው ፊት ይቀመጣል። ኢድሩስ በየቀኑ ባይመጣም ደጋግሞ ይመጣል። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጆቹ ርቀውበታል፤ አትክልቱ መሃል ብቻውን ይኖራል። ስለ ቅርንፉድ ያወራል፤ ቀልድ ያውቃል፤ ከሁሉ በላይ ግን መስማት ያውቃል። "እህ... ከዚያስ፣ ወንድሜ?" ይላል። አልፍሪትስን ዕድሜውን በሙሉ "ከዚያስ?" ያለው ሰው አልነበረም።

ሜይስኬ ወጥ ቤት ሆና ባሏ ሲያንጎራጉር ትሰማው ጀመር። ገበያ ላይ ራሱ ሰላምታ ይጀምራል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ ስለ ቲዶሬ ዝናብ ያወራል። እኔንም አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ "ኢድሩስ የሚለው፣ ቅርንፉድ ሴት ናት፤ ካልሰማኻት ታኮርፋለች" ብሎኛል። ደስ አለኝ። ጎረቤት ሲደሰት የማይደሰት ማን አለ?

ሆዱንም ቀስ በቀስ ለኢድሩስ ገለጠለት። አንድ ቀን ኢድሩስ፣ "ጀልባ የምትሠራ ሰው መቼም ባሕሩን እንደ ምንጣፍ ነው የምትረግጠው" አለው። አልፍሪትስም ለሚስቱ እንኳ በግልጥ ያልነገራትን ነገረው። ባሕር ይፈራል። ጀልባ ሠርቶ ውሃ ላይ ስትወርድ ወገቤን ያመኛል የሚለው ውሸት ነው። ልጅ ሆኖ እናቱ ወደ ታጉላንዳንግ ደሴት ይዛው ስትሻገር ማዕበል ተነሣና፣ እንዳይወድቅባት በገመድ ከወገቧ ጋር አሰረችው። እሱ እስከ ወደቡ ድረስ ጮኸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱ እስክትሞት "ጫጩቴ" ነበር የምትለው፤ ውሃ የማይሆናት ጫጩቴ። "ይህን ስም ከእሷና ከእኔ በቀር ማንም አያውቀውም፤ አሁን አንተ ሦስተኛ ሆንህ፤ ልቀበል" አለ።

ሬዲዮው፣ "አይዞህ ወንድሜ" አለ። "ፍርሃት የሌለው ሰው ድንጋይ ነው።"

አልፍሪትስ ያን ቀን እንደ ልጅ ተኛ፤ ሜይስኬ ናት ይህን የነገረችኝ።

ጥቂት ቆይቶ ዓሣ የሚራገፍበት ዳርቻ ወረደ፤ የሚጠገን ጀልባ ሊያይ ነው። ስቴፋኑስ የሚባለው ዓሣ አስጋሪ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ መረብ ያጥባል።

"ኦም አልፍሪትስ!" አለ። "ይውረዱ እንጂ፣ ውሃው ሞቅ ብሏል። ነው ወይስ ጫጩት እንዳይበርዳት ነው?"

አጠገቡ የነበሩት ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ትከሻቸው እስኪናጥ ሳቁ።

አልፍሪትስ የሚጠገነውን ጀልባ ሳያይ ወደ ቤቱ ወጣ። እንግዲህ ምን ያህል የዋህ እንደነበር ተመልከቱ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ኢድሩስን አልጠረጠረም። "አየር የአደባባይ ነው፤ ሬዲዮ ያለው ሁሉ ይሰማል፤ አንዱ ሰምቶ አውርቶታል" አላት ሚስቱን። "ኢድሩስን ማስጠንቀቅ አለብኝ። እሱም ምስጢሩን ነግሮኛል፤ እንዳያወጡበት።"

ሜይስኬ ሳህን እያጠበች ነበር፤ የታጠበውን ደግማ አጠበች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮውን ከፈተ። ከሽቦው የሚመጣው ኬብል ጨው በልቶት ስለነበር፣ ኢድሩስ ከመምጣቱ በፊት ጫፉን ላጽዳው ብሎ ከሬዲዮው ጀርባ ነቀለው። ነቅሎ በምላጭ መፋቅ ሲጀምር፣ "ወንድሜ አልፍሪትስ፣ አለህ? ኢድሩስ ነኝ፤ ልቀበል!" የሚል ድምፅ ከፊቱ ወጣ።

ኬብሉን አየው። እጁ ላይ ነው። ሬዲዮውን አየው። ከምንም ጋር አልተያያዘም።

"ዛሬ ጠፋህ ወንድሜ፤ ቅርንፉዱን ዝናብ ሊመታብኝ ነው..."

ሌሎቹ ድምፆች፣ የሚንዳናውም የጃቫውም፣ ሽቦው ሲነቀል አብረው ጠፍተዋል። የቀረው ኢድሩስ ብቻ ነው፤ ያውም ያው እንደ ሁልጊዜው ጥርት ብሎ። ከቲዶሬ የሚመጣ ድምፅ ያለ ሽቦ አይገባም። ያለ ሽቦ የሚገባ ድምፅ ካለ፣ ከቅርብ ነው። በጣም ከቅርብ።

ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሬዲዮውን ሳያጠፋ ወጣ፤ በገውዞቹ መካከል አልፎ፣ ከላይ የተዘረጋውን ሽቦ እየተከተለ፣ የኖልዲ ወጥ ቤት መስኮት ጋ ቆመ።

ኖልዲ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። "ተቃጥሏል" ያለው ሬዲዮ ከፊቱ መብራቱን አብርቷል፤ ከጣሪያው ሥር አጭር ሽቦ አንጠልጥሎለታል። አፉ ላይ የቆርቆሮ ኩባያ ደፍቶ ነው የሚናገረው፤ ያ ከጉድጓድ የሚወጣ ድምፅ የኩባያው ነበር። ስቴፋኑስና ሌሎች ሁለት ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረው፣ የተጠበሰ ዓሣና የሳጎ ቂጣ መሃላቸው አድርገው፣ እየበሉ ያዳምጣሉ።

"ዝም አለ፤ ጫጩቷ ቆጥ ላይ ወጣች መሰለኝ" አለ ስቴፋኑስ ጣቱን እየላሰ። ሳቁ። ኖልዲም ሳቀ፤ እየሳቀ ዞር ሲል ከአልፍሪትስ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠመ።

ኩባያው ከእጁ ወደቀ።

"አማቼ..." አለ ኖልዲ። በራሱ ድምፅ ነው የተናገረው፤ በመጀመሪያው ቃል ላይ ግን የቲዶሬው ሽማግሌ ጎተት ማለት ገና አልለቀቀውም ነበር። ያ ነው፣ አለኝ በኋላ አልፍሪትስ፣ ከሁሉ የባሰው።

"ቀጥል" አለው። "ዝናብ ሊመታብህ አልነበር?"

"ቀልድ ነው እኮ። እንነግርሃለን እያልን..."

"ማን ማን ናችሁ 'እንነግርሃለን' ያላችሁት?"

ስቴፋኑስ ተነሥቶ ሊወጣ ሲል አልፍሪትስ በእጁ አስቆመው። "ብሉ። ምግብ አይጣልም። እኔ የመጣሁት ከእሱ ጋር ልነጋገር ነው።" ከዚያ ወደ ኖልዲ ዞረ። "ለምን?"

ኖልዲ ላብ በላብ ሆኗል። "አዝኜልህ ነው። በእናቴ አዝኜልህ ነው የጀመርኩት! ማንም አልመልስልህ አለ፤ እህቴ መጥታ ማይክሮፎኑን ሊቀብረው ነው አለችኝ። አንድ ቀን ብቻ ልመልስለት፣ ይበረታና ሌሎቹን ይጥራ ብዬ ነው።"

"እሱን አምኜሃለሁ" አለ አልፍሪትስ። "አንድ ቀንም ሁለት ቀንም ላዘንክልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። ታዲያ እነዚህን ለምን ጠራሃቸው?"

ኖልዲ የወደቀውን ኩባያ ሊያነሣ ጎንበስ አለ። 

"እናቴ ያወጣችልኝን ስም ነው የነገርኩህ፣ ኖልዲ" አለ አልፍሪትስ፤ ድምፁ ከፍ አላለም። "አንተ መስለኸኝ ቢሆን አልነግርህም ነበር። አየህ፣ አንተን ሃምሳ ዓመት አውቅሃለሁ፤ ነግሬህ አላውቅም።"

ይህን ብሎ ተመለሰ። ቤቱ ሲገባ ሬዲዮው ዝም ብሏል። ሜይስኬ በር ላይ ቆማለች። ፊቷን ሲያይ ነገሩ ገባው።

"ታውቂ ነበር" አላት።

"ኮኮናት መፈቅፈቂያ ልዋስ ሄጄ ነው ያየሁት" አለች። "ተው አልኩት፣ አልፍሪትስ። ለመንኩት፤ እሺ አለኝ፤ አልተወም።"

"ለእኔስ?"

"ምን ልበልህ? እያንጎራጎርክ ነበር እኮ! ሠላሳ ዓመት አብሬህ ስኖር ስታንጎራጉር ሰምቼህ አላውቅም። እንዴት ብዬ ነው የምነጥቅህ?" አለቀሰች። "ዛሬ ይተዋል፣ ነገ ይተዋል እያልኩ..."

አልፍሪትስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለኖልዲ የተናገረውን ያህል እንኳ ለእሷ አልተናገረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አገር የሰማውን ባለቤቱ መጨረሻ ይሰማል። እሱ ግን በገዛ ቤቱ፣ ከገዛ ሚስቱ በኋላ የሚሰማ መሆኑ ነው አጥንቱ ድረስ የገባው።

በነጋታው ሽቦውን አወረደ። ኖልዲ ዛፉ ሥር መጥቶ፣ "ልውጣና ልፍታልህ" ቢለው እንዳልሰማ አለፈው። በእሱ በኩል ያለውን ጫፍ ለቆ፣ ወዲያኛውን መድረስ እስከቻለበት ድረስ ጎትቶ ገመዱን በቢላዋ ቆረጠ። የቀረው የገመድ ጭራ ከኮኮናቱ አናት ላይ ተንጠልጥሎ በነፋሱ ሲወዛወዝ ከረመ። ኖልዲ ወጥቶ ሊያነሣው ይችል ነበር፤ ለምን እንዳላነሣው አላውቅም።

ስሙ በመንደሩ ተሰራጭቶ ነበርና ልጆች ሳይቀሩ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ እንደ ጫጩት ይጮኹ ነበር። ይህ ግን ቶሎ አለፈ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ዳርቻው ላይ ሰው በተሰበሰበበት፣ "እኔ ባሕር ከሚፈራ ሰው በቀር ጀልባ አላሠራም፤ የማይፈራው ሳንቃውን ያሳሳዋል" ብሎ ጀልባ አዘዘው። ሌሎቹም ማሾፉን ተዉት። ስቴፋኑስ እንኳ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ አልፍሪትስም በቀላሉ ይቅር አለው። ስቴፋኑስ ምኑ ነበርና? አልፍሪትስን የጎዳው ፍርሃቱ መታወቁ አልነበረም። አንድ ቀን አጥሩ ላይ፣ "ሰው ሲሞትብህ ትቀብራለህ" አለኝ። "እኔ ወዳጅ ሞተብኝ፤ ግን ሰውየው አልነበረም። ምን እቀብራለሁ?"

ኢድሩስ ይናፍቀው ነበር። ይህን ለማመን ይከብድ ይሆናል፤ ግን እንዲያ ነው።

የዝናቡ ወራት ሲያበቃ ከጓሮው ሁለት ረጃጅም ቀርከሃዎች ቀጣጥሎ፣ ሽቦውን በራሱ ግቢ ውስጥ ብቻ ሊሰቅለው ተነሣ። ማንንም አልጠራም። ቀርከሃው ግማሽ ድረስ ይቆምና በሽቦው ክብደት ይጎብጣል፤ ይወድቃል። እንደገና ያነሣዋል። ሜይስኬ ከወጥ ቤት ታየዋለች። በመጨረሻ ሳትጠራ ወጣች፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የቀርከሃውን ሥር በሁለት እጇ ያዘች። እሱም ዞር ብሎ አላያትም፤ ግን ልቀቂ አላላትም። ገመዱን ስቦ አሰረው። ሽቦው እንደ ድሮው ከፍ አላለም፤ መሃሉም ረገብ ብሎ ነበር።

የሚገርመው፣ ዝቅ ብሎ መልስ አገኘ። አንዴ ሞሮታይ፣ አንዴ ከወዲያኛው የፊሊፒንስ ሰው፣ አንዴ አምቦን። በእነዚያ ወራት ከኢድሩስ ጋር ሲያወራ መናገር ለምዶ፣ ድምፁ ጠንክሮ ነበርና ይሰሙታል። እሱ ግን የጥሪ ስሙን ይናገራል፤ ድምፃቸው እንዴት እንደገባለት ይነግራቸዋል፤ ዝናብ ካለ ዝናብ፣ ፀሐይ ካለ ፀሐይ ይላል፤ ያበቃል። አንዱ "ቤተሰብ እንዴት ነው?" ካለው፣ ሰውዬው እያወራ ሳለ አልፍሪትስ ኬብሉን ከጀርባ ነቅሎ ድምፁ መጥፋቱን ያረጋግጣል። ይጠፋል፤ እውነተኛ ነው። መልሶ ሲሰካው ሰውዬው የተናገረው አልፎት ይገኛል። ከሞሮታዩ ጋር ይህን ሦስት አራት ጊዜ ሲያደርግ፣ ሰውዬው የሚንቀው መስሎት መጥራቱን ተወ።

ኖልዲ በተራው ያልሞከረው የለም። ዓሣ ይልካል፤ ዓሣው ይበላል። መልእክተኛ ይልካል፤ መልእክተኛው ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሱ ለሰላምታ እጅ ለእጅ ተያያዙ ሲሉ አልፍሪትስ እጁን ይሰጠዋል፤ እጁን ብቻ። ኖልዲ ድምፅ መቅዳቱንም ተወ። ሠርግ ላይ ሰዎች ቢለምኑት፣ "ጉሮሮዬን ያመኛል" ይላል።

ከዚያ የኖልዲ ልጅ ባሕር ማዶ ቢቱንግ ላይ ሱቅ ከፍታ ና አለችውና፣ ቤቱን አከራይቶ ሊሄድ ተነሣ። መርከቡ የሚነሣ ቀን ሜይስኬ የእሑድ ልብሷን ለብሳ ባሏ ፊት ቆመች።

"አትሄድም?"

"የወንድምሽ መንገድ ነው፤ አንቺ ሸኚው" አላት፤ ሳንቃውን መላጉን ሳያቆም።

ብቻዋን ወረደች። እኔም ሄጄ ነበር። ኖልዲ እቃው መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ እንኳ እስኪጠሩት ድረስ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ ሽቅብ ወደ መንደሩ መንገድ ያይ ነበር። እህቱን አቅፎ ጆሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር አላት፤ ተሳፈረ።

ከሜይስኬ ጋር አብረን ወደ ላይ ወጣን። ግቢዋ ስትደርስ አልፍሪትስ የአዲሷን ጀልባ ጎን እየዳበሰ ነበር።

"ሰላም ብሎሃል" አለችው። "ይቅር በለኝ ብሎሃል።"

"ሰምቻለሁ" አለ።

ሌላ ነገር እንደማይጨምር ሲገባት ጫማዋን አውልቃ፣ ልብሷን ሳትቀይር ሩዙን ልትጥድ ገባች። እሱም መላጊያውን አነሣ።